ከቆሻሻ መኪና እስከ ተወካዮች ምክር ቤት፤ የአንድ ትንሽ ግንባር ድምፅ በሁሁይ

ምርጫ በተካሄደ ማግስት በቅድሚያ የሚነገረው የአሸናፊው ስም ነው። ሁለተኛው ይጠቀሳል፤ ሦስተኛው በጨረፍታ ይታለፋል፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ «ሌሎች» በምትል አንዲት ቃል ተጠቅልሎ ይቀራል። ይሁን እንጂ በአንድ አገር ውስጥ ወዝ አደሩ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሰለቸውና ወዴት ለመሄድ እንደቃጣው ለመረዳት የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑን መጣል ያለበት «ሌሎች» ተብለው በተጠቀለሉት ቁጥሮች ላይ ነው። ትልቁ ቁጥር ያለውን የኃይል አሰላለፍ ያሳያል፤ ትንሹ ቁጥር ግን ሊመጣ የሚችለውን፣ አንዳንዴም ሊመጣ ሲል የሚቀረውን ይጠቁማል።

ለዚህ አባባል ማስረጃ የሚሆነው ታሪክ የሚገኘው በአርጀንቲና ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ነው። ሁሁይ ከቦሊቪያና ከቺሊ ጋር የምትዋሰን፣ 800 ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ተራራማ ክፍለ ሀገር ናት። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2021 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተካሄደው የማጣሪያ ምርጫ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶው ጥቂቱን ብቻ ሲያገኝ የኖረው የግራና የሠራተኞች ግንባር በዚህች ክፍለ ሀገር ከ23 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ። የዕጩዎቹ መሪ በሳን ሳልቫዶር ደ ሁሁይ ከተማ የቆሻሻ ማንሻ ሠራተኛ የነበሩት አሌሃንድሮ ቪልካ ነበሩ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኖቬምበር 14 ቀን፣ በዋናው ምርጫ ድርሻቸው ወደ 25 በመቶ ከፍ አለና ክፍለ ሀገሪቱ ከምትልካቸው ከሦስቱ አዳዲስ ተወካዮች አንዱ ሆነው ወደ ቦነስ አይረስ ተላኩ።

ከአራት መራጮች አንዱ የቆሻሻ ማንሻ ሠራተኛ መረጠ ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የአንድ ቀን ስሜት ነበርን? ወይስ የዓመታት ሥራ ፍሬ? ከሁሉም በላይ፣ የተገኘው ድምፅ የት ደረሰ? እነዚህን ጥያቄዎች መመርመር ምርጫን እንደ እግር ኳስ ውጤት ሰምቶ ከማለፍ ይሻላል።

የማጣሪያው ሕግና ሁለቱ ገጽታዎቹ

አርጀንቲና የማጣሪያ ምርጫን ያቋቋመችው በዲሴምበር 2009 በወጣው የሕግ ቁጥር 26571 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የየፓርቲው ዕጩ የሚለየው በፓርቲው መሪዎች ስብሰባ ወይም በአባላት ጉባኤ ሳይሆን፣ መላው መራጭ ሕዝብ በአንድ ቀን በሚሰጠው ድምፅ ነው። ከ18 እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ላለው ዜጋ ድምፅ መስጠት ግዴታ ነው። በአንድ ፓርቲ ወይም ግንባር ስም ሁለትና ከዚያ በላይ የዕጩዎች ዝርዝር ሊቀርብ ይችላል፤ የሁሉም ድምፅ ተደምሮ ለዚያው ግንባር ይቆጠራል። ወደ ዋናው ምርጫ ለማለፍ ግን ከተሰጠው ዋጋ ያለው ድምፅ ቢያንስ 1.5 በመቶ ማግኘት ያስፈልጋል። ይህ መጠን ለፕሬዝዳንትነት ሲሆን በአገር አቀፍ ደረጃ፣ ለተወካዮች ሲሆን በየክፍለ ሀገሩ ይሰላል። ከዚህ በታች የወደቀ በዋናው ምርጫ ቀን ስሙ አይገኝም።

ሕጉ ሁለት ገጽታ ያለው ነው። በአንድ በኩል በራዲዮና በቴሌቪዥን የምርጫ ማስታወቂያ ጊዜ በግል ገንዘብ መግዛትን ከልክሎ፣ የማስታወቂያው ጊዜ በመንግሥት አማካይነት እንዲደለደል አድርጓል። ግማሹ ለተወዳዳሪዎች በእኩል፣ ግማሹ ደግሞ ቀደም ባለው ምርጫ ባገኙት ድምፅ መጠን ይከፋፈላል። ከበርቴ የማይደግፈው ትንሽ ፓርቲ፣ ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ እንኳ የማያገኘውን የመደመጥ ዕድል በዚህ አገኘ። በሌላ በኩል ግን ያው ሕግ ወንፊት ነው። የፓርቲዎችን መበታተን ለመቀነስ በሚል የቀረበው የ1.5 በመቶ ገደብ፣ ለትንንሾቹ የግራ ፓርቲዎች በተግባር ያስተላለፈው መልእክት «ተባበሩ ወይም ጥፉ» የሚል ነበር።

እነርሱም ተባበሩ። የሠራተኛ ፓርቲ፣ የሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲና የሶሻሊስት ግራ በመባል የሚታወቁት ሦስት ድርጅቶች በ2011 የግራና የሠራተኞች ግንባርን መሠረቱ። እነዚህ ድርጅቶች ከአንድ የሐሳብ ምንጭ፣ ከትሮትስኪ ትምህርት የሚቀዱ ሆነው ሳለ ለብዙ ዓመታት እርስ በርስ ሲከራከሩና ሲነቃቀፉ የኖሩ ናቸው። የጋራ መድረክ ላይ ተቀምጠው ይህን ያህል መስማማት ያቃታቸውን ሰዎች፣ ከውጭ የመጣ የሕግ አንቀጽ በአንድ ዝርዝር ላይ ስማቸውን እንዲያሰፍሩ አስገደዳቸው። ትንንሾቹን ይውጣል የተባለው ሕግ ትንንሾቹን አገናኘ። የፖለቲካ ቅራኔ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ያልታሰበ ውጤት ይወልዳል። በ2019 ደግሞ አራተኛ ድርጅት፣ የሶሻሊስት ሠራተኞች ንቅናቄ፣ ተጨመረ።

የመጀመሪያው ፈተና የተካሄደው ኦገስት 14 ቀን 2011 ነበር። ለፕሬዝዳንትነት የቀረቡት ሆርሄ አልታሚራ ወንፊቱን ያልፋሉ ብሎ የጠበቀ ጥቂት ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ የታወቀ የራዲዮ ሰው «ለአልታሚራ አንድ ተአምር» የሚል ጥሪ አሰማ፤ ጥሪውም በወጣቶች ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ ተዛመተ። ለማለፍ የሚያስፈልገው ድምፅ 320 ሺህ ገደማ ነበር፤ ግንባሩ ከ500 ሺህ በላይ፣ ማለትም 2.46 በመቶ አገኘ። ከአሥሩ የፕሬዝዳንት ዕጩዎች ሰባቱ ብቻ ሲያልፉ አልታሚራ ከሰባቱ አንዱ ሆኑ።

«ተአምር» የሚለው ቃል ለቅስቀሳ ጥሩ ነበር፤ ለማብራሪያ ግን አይበቃም። ተአምር ሁለት ጊዜ አይደገምም፤ ይህ ግንባር ግን ከ2011 በኋላ እስከ 2023 በተካሄዱት ሦስት የፕሬዝዳንት ማጣሪያዎች ሁሉ፣ በ2015፣ በ2019ና በ2023፣ ያለማቋረጥ አልፏል። እንዲያውም በ2023 ማጣሪያ በርካታ ዝርዝሮች ወድቀው ያለፉት አምስት ኃይሎች ብቻ ሲሆኑ፣ ከነዚህ አንዱ ይኸው ግንባር ነበር። በመሆኑም ምክንያቱን ከሰማይ ሳይሆን ከምድር መፈለግ ያስፈልጋል።

ድምፅ የሚጠበቀው በሰው ነው

ለብዙ ዘመን፣ እስከ 2025 ድረስ፣ የአርጀንቲና መራጭ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉም ተወዳዳሪ በተዘረዘረበት አንድ ወረቀት ላይ ምልክት በማድረግ አልነበረም። እያንዳንዱ ፓርቲ የራሱን የድምፅ መስጫ ወረቀት ያሳትማል። መራጩ «ጨለማ ክፍል» እየተባለ ወደሚጠራው፣ ማንም ወደማያየው ክፍል ብቻውን ይገባል፤ ጠረጴዛው ላይ በረድፍ ከተደረደሩት ወረቀቶች የሚፈልገውን አንሥቶ በፖስታ ያሽጋል፤ ወጥቶም ሳጥን ውስጥ ይከታል።

አንባቢ የዚህን አሠራር ትርጉም ልብ ይበል። የአንድ ፓርቲ ወረቀት ካለቀ፣ ወይም አንድ ክፉ ሰው ጠቅልሎ ኪሱ ከከተተው፣ ቀጥሎ የሚገባው መራጭ ያን ፓርቲ ለመምረጥ ቢፈልግ እንኳ አይችልም። በመሆኑም እያንዳንዱ ፓርቲ በየምርጫ ጣቢያው፣ በየጠረጴዛው ታዛቢ ማቆም አለበት። ታዛቢው ከጧት እስከ ማታ ወረቀቱ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ሲያልቅ ይተካል፤ ማታ ቆጠራው ሲጀመር አጠገቡ ቆሞ ያያል፤ ውጤቱ የሰፈረበትን ወረቀት ፈርሞ ግልባጩን ይወስዳል።

ትልልቆቹ ፓርቲዎች ይህን ሥራ የሚሸፍኑበት ገንዘብም ሹመኛም አላቸው። ትንሹ ፓርቲ ያለው የአባሎቹና የደጋፊዎቹ ጊዜ ብቻ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ መምህሯ፣ ተማሪው፣ የሆስፒታል አስታማሚዋ የእሑድ ዕረፍታቸውን ሰጥተው በማያውቁት ትምህርት ቤት ውስጥ ሲቆሙ ይውላሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለው የአበው ብሂል በምርጫ ቀን ትክክለኛ ትርጉሙን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሌለው ፓርቲ ድምፅ ቢኖረውም ድምፁን አይጠብቅም። ስለዚህ በአንድ ሰፈር የተገኘ ሦስት ወይም አራት በመቶ፣ በዚያ ሰፈር ስንት ሰው ሐሳቡን እንደደገፈ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰው ለሐሳቡ እንደሠራም ይናገራል።

ሁሁይ ለምን?

እንግዲህ ወደ ሁሁይ እንመለስ። ክፍለ ሀገሪቱ የምትታወቀው በስኳር፣ በትምባሆና በማዕድን ነው። በቅርብ ዘመን ደግሞ ለባትሪ መሥሪያ የሚያገለግለው ሊቲየም በጨው ሜዳዎቿ ውስጥ ስለተገኘ የዓለም ኩባንያዎች ዓይን ያርፍባታል። ሀብቱ ከምድሯ ይወጣል፤ ነዋሪዋ ግን በአገሪቱ ውስጥ ከድኾቹ አንዱ ነው። ከሕዝቡ ብዙው የኮያና የሌሎች ነባር ሕዝቦች ተወላጅ ነው፤ በደጋው ላይ ያለው ማኅበረሰብ የመሬትና የውሃ ጥያቄውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፍ ኖሯል።

የሠራተኛው ትዝታም ጥልቅ ነው። በ1976 ወታደራዊው አገዛዝ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጁላይ ወር፣ በሌዴስማ የስኳር ፋብሪካ አካባቢ መብራት እየጠፋ በርካታ ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና የማኅበር አባላት ከየቤታቸው ታፍነው ተወሰዱ። ከነዚህ መካከል ዛሬም የደረሱበት ያልታወቀ አሉ። ያ ሌሊት በየዓመቱ በሰልፍ ይታሰባል። የማኅበር አባል መሆን በሕይወት ያስከፈለበት ምድር፣ መደራጀት ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ አይማርም።

ፖለቲካውን ደግሞ ስንመለከት፣ ዴሞክራሲያዊ ምርጫ ከተመለሰበት ከ1983 ጀምሮ ሁሁይን ያስተዳደሩት የፔሮን ተከታዮች ነበሩ። በዲሴምበር 2015 የራዲካል ሲቪክ ኅብረት ሰው የሆኑት ሄራርዶ ሞራሌስ አስተዳዳሪ ሆኑ። በተቃዋሚነት የቀረው የፔሮን ፓርቲ ከፊሉ በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ለአዲሱ አስተዳደር እጁን እያወጣ ሲደግፍ ታየ። ለወትሮው ድምፁን ለዚያ ፓርቲ ይሰጥ የነበረው ድኻ የሚወክለው አጣ። በፖለቲካ ውስጥ ባዶ ቦታ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ አንዱ ይሞላዋል። ጥያቄው ማን ነው የሚል ብቻ ነው።

ቪልካና ጓደኞቻቸው ባዶውን ቦታ ለመሙላት የቻሉት በምርጫ ዋዜማ ስለመጡ አይደለም። የማዘጋጃ ቤት ጊዜያዊ ሠራተኞች ቋሚ እንዲሆኑ በተደረገው ትግል ውስጥ ነበሩ፤ የስኳር ሠራተኞችና መምህራን የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ ከጎናቸው ቆመዋል። ሰው ቆሻሻውን በየጧቱ የሚያነሣለትን ሠራተኛ በፊቱ ያውቀዋል፤ ያ ሠራተኛ ስለ ደመወዝና ስለ ውሃ ሲናገር ከሩቅ የመጣ ተናጋሪ ነው ብሎ አይጠረጥረውም። በ2017 በተደረገው የተወካዮች ምርጫ የግንባሩ ድርሻ በሁሁይ 18 በመቶ ያህል ደርሶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ቪልካ ወደ ክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ገቡ። ስለዚህ የ2021 ውጤት ለቦነስ አይረስ ጋዜጦች ድንገተኛ ይምሰል እንጂ፣ ለሁሁይ ሰፈሮች ድንገተኛ አልነበረም።

የዘመኑ ሁኔታም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። ወረርሽኙ ሥራን አቃውሷል። በአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት መረጃ መሠረት በ2021 የመጀመሪያ እኩሌታ በከተሞች ከሚኖረው ሕዝብ 40.6 በመቶው ከድኽነት ወለል በታች ነበር፤ የዓመቱ የዋጋ ንረት 50.9 በመቶ ደረሰ። በሴፕቴምበሩ ማጣሪያ፣ ድምፅ መስጠት ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ ከመራጩ ሲሶ የሚያህለው ሳይወጣ ቀረ። ሕዝቡ በትልልቆቹ ላይ ያለው እምነት መላላቱን ከዚህ በላይ የሚገልጽ የለም።

አንድ ሌላ ነገርም ሊጠቀስ ይገባዋል። የግንባሩ ተወካዮች ከምክር ቤት የሚከፈላቸውን ደመወዝ ለራሳቸው የሚያስቀሩት በአንድ ሠራተኛ ወይም መምህር ደመወዝ መጠን ሲሆን የቀረውን ለትግል ይሰጣሉ፤ መቀመጫውንም በግንባሩ አባል ድርጅቶች መካከል በየተራ የመያዝ ስምምነት አላቸው። ይህ አሠራር ብቻውን ፓርቲን ትልቅ አያደርግም። ሆኖም «ሁሉም አንድ ናቸው፤ ወንበር ላይ ሲወጡ ይረሱናል» ለሚለው የተሰላቸ መራጭ፣ ከንግግር ይልቅ የሚታመን መልስ ነው።

ማጣሪያው የሚሰጠው ድፍረት

ትንሽ ፓርቲን ከሚጎዱት ነገሮች ሁሉ የከፋው «ድምፄ ሜዳ ላይ ይቀራል» የሚለው ፍርሃት ነው። ሠራተኛው በልቡ የሚደግፈውን ትቶ፣ ያሸንፋል ብሎ ለሚገምተው፣ ወይም ከሁለት ክፉ ይሻላል ለሚለው ድምፁን ይሰጣል። የማጣሪያው ምርጫ ይህን ፍርሃት ለመፈተን ዕድል ይሰጣል። ገና ማንም ሥልጣን በማይዝበት ቀን ሰው የልቡን ይመርጣል፤ በማግስቱ ውጤቱን ሲያይ እንደርሱ ያሰበው ጎረቤቱ ስንት እንደሆነ ያውቃል።

በሜንዶሳ ክፍለ ሀገር በ2013 የታየው ይህ ነበር። የግንባሩ ዕጩ ኒኮላስ ዴል ካኞ በኦገስቱ ማጣሪያ 7.6 በመቶ አገኙ። መቀመጫ ለማግኘት የማይበቃ ቁጥር ነው፤ ይሁንና «ጥቂት ብንጨምር እንገባለን» ለማለት ያስቻለ ቁጥር ነበር። በኦክቶበሩ ዋና ምርጫ ድርሻቸው ወደ 14 በመቶ፣ ወደ እጥፍ ገደማ ከፍ አለና ምክር ቤት ገቡ። በዚያው ቀን ኔስቶር ፒትሮላ ከቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገር፣ ፓብሎ ሎፔዝ ከሳልታ ተመረጡ። ግንባሩ ሦስት ተወካዮችን ያገኘበት ይህ ውጤት የተዘራው በማጣሪያው ማግስት ነበር። በ2021ም ቪልካ በሴፕቴምበር ያገኙት 23 በመቶ፣ በኖቬምበር ላይ ለሚያመነታው መራጭ የድፍረት ምንጭ ሆኗል። በዚያ ምርጫ ግንባሩ በመላ አገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቶ አራት መቀመጫዎችን ያዘ።

የሳልታ ትምህርት

እስከዚህ ድረስ የተነገረው መልካሙ ነው። ነገር ግን መልካሙን ብቻ አውርቶ ማለፍ ሠራተኛውን ማታለል ይሆናል።

ሳልታ የሁሁይ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ናት። ኖቬምበር 10 ቀን 2013 በዋና ከተማዋ በተካሄደው የከተማ ምክር ቤት ምርጫ የሠራተኛ ፓርቲ 27 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ ከ21 መቀመጫዎች 9ኙን ያዘ። የአንድ የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሕዝብ ራሱን አብዮታዊ ብሎ ለሚጠራ የሠራተኞች ድርጅት ከሌሎች ሁሉ የበለጠ ድምፅ ሲሰጥ በአርጀንቲና ያልተለመደ ነገር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያ የአንደኝነት ቦታ አልተገኘም፤ ድምፁ እንደመጣ ሄደ።

ምን ሆነ? ከመራጩ መካከል ብዙው ሰው ድምፁን የሰጠው ፕሮግራሙን አንብቦ፣ በድርጅቱ ውስጥ ታቅፎ፣ ነገ ለሚመጣው ትግል ተሰልፎ አልነበረም። በሌሎቹ ተቆጥቶ ነበር። ቁጣ ደግሞ ወደ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሲያበቃ በየሰፈሩና በየፋብሪካው የሚያቆየው ድርጅት ካላገኘ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ሌላ ባለቤት ይፈልጋል። ዘጠኝ ሰው ምክር ቤት ማስገባት ይቻላል፤ ዘጠኝ ሰው ግን ዘጠና ሰፈር አያደራጅም።

ቁጣው ወዴት ይሄዳል?

የጉዳዩ ክብደት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2021 ሁሁይ ለቆሻሻ ማንሻው ሠራተኛ 23 በመቶ ስትሰጥ፣ በዚያው ቀን በዋና ከተማዋ በቦነስ አይረስ ሃቪየር ሚሌይ የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምርጫ ቀርበው ከ13 በመቶ በላይ አገኙ፤ በኖቬምበር ወደ 17 በመቶ ከፍ አሉ። እርሳቸውም እንደ ግንባሩ ትልልቆቹን ፓርቲዎች ያወግዙ ነበር፤ መድኃኒታቸው ግን ገበያውን ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ የመንግሥትን ወጪ በመጋዝ መቁረጥ ነበር። በአንድ ቀን፣ በአንድ አገር፣ ከአንድ ዓይነት ምሬት የመነጩ ሁለት ድምፆች ወደ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ፈሰሱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነውን እንመልከት። በሜይ 2023 በሁሁይ የአስተዳዳሪ ምርጫ ሲካሄድ ቪልካ ያገኙት 13 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከ2021ዱ ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። በጁን ወር መምህራን ለደመወዝ፣ ነባር ሕዝቦች ለመሬታቸው፣ የክፍለ ሀገሩን ሕገ መንግሥት ለውጥ በመቃወም አደባባይና መንገድ ሞሉ፤ ፖሊስም በኃይል መለሳቸው። ትግሉ ሞቅ ያለ ነበር። ኦገስት 13 ቀን በተካሄደው የፕሬዝዳንት ማጣሪያ ግን በሁሁይ አንደኛ የወጡት ሚሌይ ነበሩ። በሳልታ ክፍለ ሀገር፣ ከአሥር ዓመት በፊት ዋና ከተማዋ የሠራተኛ ፓርቲን አንደኛ ባደረገችበት፣ ከመራጩ ግማሽ የሚጠጋው ድምፁን ለሚሌይ ሰጠ። በኖቬምበር 2023 ሚሌይ ከ55 በመቶ በላይ አግኝተው የአርጀንቲና ፕሬዝዳንት ሆኑ።

ከዚህ ተነሥቶ «ሠራተኛው ከዳ» ብሎ መደምደም ስንፍና ነው። ሠራተኛው ቀድሞም ቢሆን የማንም ንብረት አልነበረም። ዋጋው በየሳምንቱ ሲንር፣ ደመወዙ ወር ሳይሞላ ሲያልቅ የቆየ ሰው «ሁሉንም ገልብጡት» የሚለውን ቃል መጀመሪያ አጠገቡ ከተገኘው ሰው አፍ ይቀበላል። በአደባባዩ ላይ በጁን አብረው የታገሉት መምህራንና ገበሬዎች በአንድነታቸው የጸኑትን ያህል፣ በየቤቱ ተቀምጦ በስልኩ መስታወት ላይ ዓለምን የሚያየው፣ ማኅበር የሌለው፣ የዕለት ሥራ የሚሠራው ወጣት ግን ሌላ ድምፅ ይሰማ ነበር። ለእርሱ የደረሰለት ማን ነበር? መልሱ የምርጫውን ውጤት ይገልጻል።

ከቁጥሩ በስተጀርባ

የማጣሪያው ምርጫ ራሱም ቋሚ አልሆነም። በፌብሩዋሪ 2025 የአርጀንቲና ምክር ቤት ለዚያ ዓመት ማጣሪያው እንዲታገድ ወሰነ፤ በኦክቶበር 2025 ሕዝቡ በቀጥታ ወደ ዋናው ምርጫ ሄደ። የድምፅ አሰጣጡም ተለወጠ፤ ሁሉም ተወዳዳሪ በአንድ ወረቀት ላይ የሰፈረበት የጋራ የድምፅ መስጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። ወረቀቱ አለቀ ወይም ተሰረቀ የሚለው ሥጋት ቀረ። ቆጠራውን የሚያይ፣ ጎረቤቱን የሚያነጋግር ሰው አስፈላጊነት ግን አልቀረም። ሕግ ሲወጣም ሲነሣም የሚቀረው ሥራ ይህ ነው።

እንግዲህ ከሁሁይ፣ ከሜንዶሳና ከሳልታ ተሞክሮ ምን እንረዳለን? በመጀመሪያ፣ ትንሽ ቁጥር ማለት ትንሽ ነገር ማለት አይደለም። 7.6 በመቶ በሁለት ወር 14 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ 18 በመቶ በአራት ዓመት 25 በመቶ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ትልቅ ቁጥር ማለት ጽኑ ነገር ማለት አይደለም። 27 በመቶና ዘጠኝ መቀመጫ በሁለት ዓመት ሊበተን ይችላል። በሦስተኛ ደረጃ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በምርጫ ቀን አይወሰንም። የሚወሰነው በሁለት ምርጫዎች መካከል ባሉት ተራ ቀናት ነው፤ ጊዜያዊ ሠራተኞች ቋሚ እንዲሆኑ ማመልከቻ በሚጻፍበት፣ የመምህራን አድማ በሚደገፍበት፣ ውሃ የተቋረጠበት ሰፈር በሚሰበሰብበት ቀን።

ስለዚህ በሰፈር ማኅበርም ሆነ በሥራ ቦታ የተሰባሰበ ሰው የምርጫ ውጤት ሲሰማ «ማን አሸነፈ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም። ድምፁ ከየትኛው ጣቢያ መጣ? በዚያ ጣቢያ ዙሪያ ከምርጫው በፊት ምን ተሠርቶ ነበር? ካለፈው ጊዜ ያደገው የት ነው? የቀነሰውስ የት ነው? በዚያ ቀን ታዛቢ ሆነው የቆሙት ሰዎች በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ተገኝተዋልን? እነዚህን ጥያቄዎች በትዕግሥት የሚመረምር ድርጅት ሁለት በመቶም ቢያገኝ ከሁለት በመቶው ይማራል። የማይመረምር ግን ሃያ አምስት በመቶ አግኝቶም ባለበት ይቀራል፤ አልፎ አልፎም የተሰጠውን መልሶ ያጣል።

አሌሃንድሮ ቪልካ ከቆሻሻ መኪናው ኋላ ተነሥተው ምክር ቤት መግባታቸው የሁሁይ ድኻ በራሱ ላይ ያለውን እምነት ያስመሰከረ ታላቅ ድርጊት ነበር። ይሁንና የወንበሩ ዋጋ የሚለካው በላዩ ላይ በተቀመጠው ሰው ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየውን የላኩት 25 በመቶ መራጮች ከዚያ በኋላ ተደራጅተው በመቆየታቸው ወይም በመበተናቸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ያበረው ድር ግን በየቀኑ መጠበቅ፣ የላላው መጥበቅ፣ የተበጠሰው መቀጠል አለበት። ድምፅ በአንድ እሑድ ይሰጣል፤ ማኅበር ግን የሚገነባው በቀሩት ቀናት ነው።